የተደፈነው መስኮትና ቁጥር ማሟያው

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ።

የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ውስጥ መምህርት ናት። ኮንትራቷ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ወቅት እንቅልፍ ታጣለች። ዘንድሮ «ሥነ ጽሑፍና ከተማ» የሚል የማታ ኮርስ ፈጠረች። ማንም አዋቂ ሰው መመዝገብ ይችላል፤ አሥር ሰው ካልሞላ ግን ይሰረዛል። ትናንት ሱቄ መጣችና ስፖንጅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያወዛወዘች፣ «ጋሼ፣ አንተ እኮ ማንበብ ትወዳለህ» አለችኝ።

«ስንት ሰው ጎደለሽ?»

«አንድ።»

ሌላው ሰው ከፍተኛ ትምህርት የሚገባው በፈተና ነው። እኔ ቁጥር ለማሟላት ገባሁ።

ሥራዬ ሶፋ መሥራትና ማደስ ነው። ፊደል የቆጠርኩትም ከሶፋ ነው። የድሮ ሶፋ ሆዱ በጋዜጣ ይሞላ ነበር፤ ስፈታው እያወጣሁ፣ ሰው እየጠየቅሁ ማንበብ ለመድኩ። ለዚህ ነው ብዙ ነገር የማውቀው፣ መጨረሻውን ግን የማላውቀው። ጋዜጣው ሁልጊዜ ከታች የተቀደደ ነበር።

ምሁሯ (ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምጠራት) ሁላችንም ማስታወሻ እንድንይዝ አዘዘች። «የምታዩትን ጻፉ። እኔ አላነበውም» አለች። የማይታረም የቤት ሥራ። በልጅነቴ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገረኝ ቢኖር ትምህርት ቤት እቆይ ነበር።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ክፍላችን ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ነው። የወንበሮቹ ስፖንጅ አልቆ እንጨቱ ላይ ነው የምንቀመጠው። ምሁሯ ከተማና ትዝታ እንዴት እንደሚገናኙ ታስረዳለች፤ እኔ እንጨትና አጥንት እንዴት እንደሚገናኙ እየተማርኩ ነው።

ክፍል ውስጥ «እርስዎ» ትለኛለች። «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ስትል ከኋላዬ ማን ትልቅ ሰው ተቀምጧል ብዬ ዞርኩ።

የክፍል ጓደኞቼን ላስተዋውቅ። አንድ ገጣሚ አለ፤ ቀን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ይቆጥራል፣ ማታ ያዝናል። አንድ ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ፤ ፊት ይቀመጣሉ፣ ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩ መርፌ እንደሚወጉ ነው፤ ገና ስትዘጋጅ አልቋል። የቀሩት ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ጥሩ ሰው ደግሞ ምን ይጻፋል።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ትንሽ ነገር ፈጠርኩ።

የቤት ሥራው «በሰፈራችሁ ስለ አንድ ቦታ የሚወራ ታሪክ ይዛችሁ ኑ» የሚል ነበር። ረሳሁት። የሆቴል ወንበር ተደርድሮብኝ ሰፈሬንም፣ ስሜንም ረስቼ ነው የሰነበትኩት። ሰው ሁሉ ወረቀቱን አወጣ። ገጣሚው ስለ አንድ የመብራት እንጨት አነበበ፤ የመብራት እንጨቱ ፍቅር ይዞታል። ቀጥሎ ምሁሯ ወደኔ ዞረች፦ «እርስዎስ?»

ባዶ እጄን ነው የመጣሁት ማለት ይቻል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቅ ላይ የተደፈነ መስኮት አለ» አልኩ።

እውነት ነው፣ አለ። እዚህ ላይ ባቆም ሐቀኛ ሰው ሆኜ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

«ድሮ በዚያ መስኮት አንዲት ሴት ትቀመጥ ነበር። ሰው ከሥራ ሲመለስ መብራቷን አብርታ ልብ ወለድ ታነባለች፣ ጮክ ብላ። በየቀኑ ጥቂት ገጽ። መንገደኛው ይቆማል፣ ጫማ ሰፊው መርፌውን ያሳርፋል፣ የአውቶቡስ ሹፌር እንኳን ሞተር ያጠፋል። ልክ አንድ ምዕራፍ ሲቀራት፣ በማግስቱ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ቢጠብቅ፣ መስኮቱ በጡብ ተደፍኗል። ማን እንደደፈነው አይታወቅም። እሷም የት እንደገባች አይታወቅም። መንገዳችን እስከ ዛሬ የዚያን ልብ ወለድ መጨረሻ ሳያውቅ ይኖራል።»

ገጣሚው አፍንጫውን ጠረገ። ነርሷ ዞር ብለው ትክ ብለው አዩኝ። ምሁሯ እርሳሷን አስቀምጣ፣ በልጅነቷ ተረት ስነግራት እንደምታደርገው አገጯን በእጇ ደግፋ፣ «መጽሐፉ ምን ነበር?» አለች።

«ማን ጠይቆ» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ንባቡ፣ ሥራ ማስፈታቱ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መቋረጡ፣ ሁሉም ተደርድሮ ነው የመጣልኝ። እንዲህ ነው ተሰጥኦ ማለት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

እዚህ ብቻዬን ስለሆንኩ እውነቱን ልጻፈው። መስኮቱ የተደፈነው ባለ ፎቁ ከውስጥ ሽንት ቤት ስላሠሩ ነው። ሲደፈን ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ጡብ ወድቆ የደንበኛዬን ሶፋ እግር ሰብሮብኛል። የዚያ ቤት ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ እሱ ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ማታ

ጉድ ፈላ።

ምሁሯ ሳምንቱን ሙሉ ስለ መስኮቱ ስታስብ ከርማለች። የኮርሱ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ታኅሣሥ 14 ነው፤ እሱን ክፍል ውስጥ ማድረግ ቀረ። መስኮቱ ሥር፣ መንገዱ ላይ ይሆናል። እያንዳንዳችን ያንን ሳይነበብ የቀረ የመጨረሻ ምዕራፍ በየራሳችን እንጽፋለን፤ ቆመን እናነባለን። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ይገኛሉ። ይህን ስትናገር ፊቷ በርቶ ነበር። ይህን ልጅ እንዲህ ያለ ፊት ይዛ ያየኋት የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ቀን ነው።

«ከተማ የሚጻፈው እንዲህ ነው» አለች። «ማንም ሳያውቀው፣ በአንድ ሶፋ ሠሪ አፍ።»

ስለ መጨረሻው ቃል ትክክል ናት።

ይህ ሳያንስ ነርሷ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ሰምቻታለሁ» አሉ።

«ማንን?» አለች ምሁሯ።

«የምታነበውን ሴት። ለአዳር ተራ ወደ ሆስፒታል ስሄድ በዚያ መንገድ ነበር የማልፈው።»

ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። እኔ ደነገጥኩ። እንዲህ ያሉ የተከበሩ ሴት፣ ነጭ ጸጉር፣ የታሰረ መሐረብ፣ ዐይናቸውን ሳያሹ ይዋሻሉ። እኔ ስዋሽ ቢያንስ ከራሴ አውጥቼ ነው። በሰው ውሸት ላይ መንጠላጠል ግን ነውር ነው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

አርባ የሆቴል ወንበር። ጨርቅ አልደረሰም። ገጣሚው ከባንክ ቀርቶ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ቆሞ መስኮቱን እያየ ተነፈሰ። ግማሽ ቀን ሙሉ ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ በዚህ መስኮት ፊት ለፊት እንዴት ሆኖ ሥራ ይሠራል?»

«ቁጭ ብሎ» አልኩት። «እስቲ ያን መዶሻ አቀብለኝ።»

የራሴን ምዕራፍ አልጀመርኩም። ጊዜ የት አለ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ከክፍል ስወጣ ደረጃው ላይ ምሁሯንና ኃላፊውን አገኘኋቸው። ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ኃላፊው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው የሚናገሩት፤ «እንበል» ሳይሉም አይጀምሩም።

«እንበል፣ ይህ የመጨረሻ ዝግጅትሽ ጥሩ ሆነ። ኮርሱ እንዲቀጥል ለማሳሰብ ምክንያት ይኖረኛል። አንቺም ከኮርሱ ጋር ትቀጥያለሽ። እንበል፣ ሳይሆን ቀረ። ያኔ ኮንትራቷን አድሱላት ብዬ ለመፈረም ምን ይዤ እቀርባለሁ?»

«ይሆናል» አለች። «የሚገርም ታሪክ ነው ያገኘነው።»

«ጥሩ። ምንጩን በደንብ ያዢ እንግዲህ።»

እሳቸው ሲወርዱ ጠብቄ፣ «ስሚኝማ፣ ያ መስኮት...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። ዘላ አቀፈችኝ። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» አለች።

አንገቱን አቅፋ የምታመሰግነው ሰው ምን ይናገራል? «ጨርቁ ደረሰ» አልኳት።

ኅዳር 21፣ እሑድ

እህቴ ቤት ምሳ። በር ስትከፍት፣ ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ፣ «ምን አጥፍተህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ግባ። ስትበላ ይታወቃል።»

ታላቄ ናት። ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ ስድስቱንም ዓመት እኔን ለማወቅ ነው የተጠቀመችባቸው። ምሳው እስኪጋመስ ጠበቀችና፣ «ይኸው፣ እስካሁን በማንም አልቀለድክም» አለች። «በጎረቤቴ ድመት እንኳን አልቀለድክም።»

«አርጅቻለሁ።»

«ልጄን እንዳታስቀይምብኝ። ለአንተ መዝናኛ ነው፣ ለእሷ እንጀራዋ ነው።» ሳህኔን ሞላችልኝ፤ እህቴ የምትቆጣው ሳህን እየሞላች ነው። «ደግሞ ማንበብ ይወዳል ብላ ነው የመዘገበችህ። ሚስትህ ካረፈች ወዲህ አንተ ቤት መጽሐፍ ተገልጦ አላየሁም።»

«ዐይኔ ደክሟል።»

«ዐይንህ ከመንገድ ማዶ የወደቀ ሚስማር ያያል።»

እህቴ ማጋነን ትወዳለች፤ የዘር ነው። አነባለሁ እንጂ። መደርደሪያው ላይ ያለውን፣ መጨረሻው አጠገብ ቀይ የሶፋ ጨርቅ የገባበትን፣ እሱን አልገልጠውም። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አሰልቺ መጽሐፍ ነው። የቀረውም ጥቂት ገጽ ነው፤ ለጥቂት ገጽ ብሎ ማን መነጽር ይፈልጋል።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ምሁሯ ወረቀት አባዝታ አደለች። «የአካባቢው ነዋሪዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲቀባበሉት እንደኖሩት» ብሎ ይጀምራል። ትውልዱ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሞላው።

ልነግራት ተነሣሁ። ተማሪው ከበባት። አንዱ የሴትዮዋን የጸጉር ቀለም ይጠይቃል፣ ሌላው ቤቷን ያከራዩዋት ማን እንደነበሩ ይጠይቃል። ነርሷ ዝም ብለው ወረቀቱን አንብበው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሲወጡ እኔ ዘንድ ቆም ብለው፣ «ቦታውን ትንሽ ሳትክ» አሉኝ። ወይ ድፍረት።

ምዕራፌ አልወጣልኝም። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ይህን ሁሉ የፈጠረ ሰው አንድ ምዕራፍ መፍጠር እንዴት ያቅተዋል? የወንበሩ ሥራ ነው። ድካም ነው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ሚስማር ልገዛ ጥጉ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ዘንድ ገባሁ። ሚስማሩን እየመዘነ፣ «ያንን መስኮት ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«የቱን?»

«ከሱቅህ ፊት ለፊት ያለውን ነዋ። አንዲት ሴት ልብ ወለድ ስታነብበት የኖረች።»

«መብራት አብርታ?» አልኩት።

«ሻማ ነው። ያኔ እዚህ መብራት አልነበረም።»

«መብራት ነው።»

«አንተ መቼ ነው እዚህ ሰፈር የገባኸው? ዝም ብለህ ስማ።»

ከዚያ የራሴን ታሪክ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ሻማውን ጨምሮ፣ በመጨረሻም ቅናተኛ ባል ጨምሮበት። አላስቻለኝም። «ስማ» አልኩት፣ «ይህንን ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከአፌ ነው የወጣው። መስኮቱ ሽንት ቤት ነው።»

ባለ ሱቁ ሚስማሩን አቀበለኝና ሳቀ። «አንተ መቼም አትተውም» አለ። «በሞተ ሰው እንኳን ትቀልዳለህ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ሰው አምኖኛል። አንድ ቀን እውነት ተናገርኩ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ነገርኳት።

ወንበር የት የት እንደሚቀመጥ ልትለካ ወደ ሱቄ መጣች። ሜትሬን ተቀብላ መንገዱን ስትለካ፣ ስትጽፍ፣ ለራሷ ስታንጎራጉር ቆየች። ስትመለስ፣ «ሽንት ቤት ነው» አልኳት።

«የቱ?»

«መስኮቱ። ሴት የለችም። ልብ ወለድ የለም። ያን ዕለት የቤት ሥራዬን ረስቼ ነው የፈጠርኩት።»

ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ» አለች። ከዚያ ፊቴን አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ነው የወረደው፤ ያንን ቁጭ ብዬ አየሁት።

«ነርሷስ?»

«እሳቸውም ይዋሻሉ።»

ሜትሩን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ኃላፊው ምንጩ ማነው ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበር የምለው? አጎቴ? ቀልደኛ ነው?»

«ልነግርሽ ነበር። አንድ ጊዜ አቀፍሽኝ፣ አንድ ጊዜ ሰው ከበበሽ...»

«ያን ቀን ባዶ እጄን ነው የመጣሁት ማለት አይቻልም ነበር?»

መቀሴን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «እርስዎ የሚቀልዱበት ሰው ቢያጡ ነው በእኔ የቀለዱት?» አለችኝ።

በገዛ ሱቄ «እርስዎ» ተባልኩ። ይህን ያህል ክብር እንደሚገባኝ አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ክፍል ሄድኩ። አስተማረች። ስለ መስኮቱ አንድ ቃል የለም። ዝግጅቱ በቦታውና በሰዓቱ ነው አለች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ከማንም የባስኩ ማንም ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ዘለለችኝ።

እውነቱን ብትናገር ዝግጅቱ ፈረሰ፣ ኮንትራቷም አብሮ። ዝም ብትል ባለ ፎቁ ወይም የባለ ፎቁ ተከራይ መንገድ ላይ ወጥቶ ሽንት ቤቴን ምን ትላላችሁ ይላል። ጥሩ አድርጌ ነው ያሰርኳት። የእኔ ሥራ ሲጠብቅ እንደዚህ ነው።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የቤተ መጻሕፍቱን ወንበሮች በጋሪ አምጥቼ ስፖንጅና ጨርቅ ቀየርኩላቸው። ማንም አላዘዘኝም። ጥበቃው «ለምንድን ነው?» ሲለኝ «ለወገቤ» አልኩት። የሆቴሉ ሰውዬ ደውሎ ጮኸብኝ፤ ይጩህ።

እህቴም ደወለች። «ልጅቷ አትበላም» አለችና ዘጋችው። ሳህን የሚሞላበት ቦታ ስላልነበረ ነው የዘጋችው።

ምዕራፍ የለኝም። ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ ማታ

እንዳለ ልጻፈው።

ወንበሮቹን መስኮቱ ሥር ደረደርኩ። ሰው ከጠበቅነው በላይ መጣ፤ ባለ ሱቁ ደንበኞቹን ሳይቀር ይዞ መጥቷል። ኃላፊው መሐል ተቀምጠው ወንበሩን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርገው አዩት። ምቾት ያልጠበቁ ይመስላሉ። ገጣሚው ጥቁር ለብሷል።

ምሁሯ ቆመች። ወረቀት አልያዘችም።

«ከመጀመራችን በፊት የማርመው ነገር አለ» አለች። «የሰጠኋችሁ ወረቀት ላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተባለው ስሕተት ነው። ታሪኩ የተፈጠረው ኅዳር 2 ቀን እዚያ ክፍላችን ውስጥ ነው። በዚህ መስኮት ያነበበች ሴት አልነበረችም። እኔ አንድ ሰው ሳልጠይቅ፣ ይህን መንገድ ተሻግሬ አንድ በር ሳላንኳኳ፣ ስለወደድኩት ብቻ አስተማርኩት። ስለ ከተማ የሚያስተምር ሰው ማድረግ የሌለበት ይህንን ነው።»

ስሜን አልጠራችም። ይህ ከሁሉም ባሰኝ። ተነሣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ምንም አላጠፋችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ይቀልዳል» አለ ባለ ሱቁ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ገጣሚው ግን አልሳቀም። «አሥራ ስድስት ገጽ» አለ ለራሱ።

ኃላፊው ቦርሳቸውን አቀፉ። «እንበል» አሉ፣ «ሴት አልነበረችም። ታዲያ መስኮቱ ለምን ተደፈነ?»

ማንም ከመመለሱ በፊት ከላይ አንድ ሰው ውሃ ለቀቀ። ድምፁ በግድግዳው ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም ሰው አንገቱን እያዘነበለ በጆሮው ሸኘው። ለኃላፊው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ያኔ ነርሷ ተነሡ።

«እኔ ግን አልዋሸሁም» አሉ። «ሴትዮዋን ሰምቻታለሁ። ይህ ልጅ ቦታውን ነው የሳተው።» ልጅ ያሉት እኔን ነው። ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጡና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቄ በር ጠቆሙ። «እዚያ ነበር። በሩ ገርበብ ይላል፣ ውስጥ መብራት አለ። ሴት ታነባለች፣ ሌላ ሰው መዶሻ ይመታል። ደስ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ መዶሻው ያቆማል። እኔም አቆማለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ለተራዬ አርፍጃለሁ። ከዚያ አንድ ሰሞን ጠፋች፤ መዶሻው ብቻ ቀረ። አንድ ቀን ገብቼ እጠይቃለሁ እያልኩ ሳልጠይቅ ጡረታ ወጣሁ።»

ምሁሯ ወደኔ ዞረች። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁና ወንበራቸውን ወደ ሱቄ በር አዞሩት። ሰውም አዞረ። አሥር በአዲስ ስፖንጅ የተሠሩ ወንበሮች ሁሉ ወደኔ በር፤ ሱቄን ጠዋት አልጠረግሁትም።

ከዚያ ተማሪዎቹ ምዕራፋቸውን አነበቡ። ያነበቡት ወደዚያ ዞረው ነው። ገጣሚው አሥራ ስድስቱን ገጽ አነበበ፤ እውነቱን ለመናገር ሦስቱ ጥሩ ናቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ «ባዶ እጄን ነው የመጣሁት» አልኩ።

ምሁሯ ራሷን ነቀነቀችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

መዶሻው ማቆሙን እኔ አላውቅም ነበር። እየመታሁ ነው የማዳምጠው ብዬ ነበር የማስበው።

ሥራ በዝቷል።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

የክፍል ቀን ነበር። ክፍል የለም።

እህቴ ደውላ ነገረችኝ። ኃላፊው ፈርመዋል፤ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ኮርሱም ይቀጥላል። «እንበል፣ አስተማሪ ስሕተቱን በራሱ አፍ ሲያርም ከዚህ በፊት አይቻለሁ ብል እዋሻለሁ» አሏት አሉ። ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ከእንግዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀርብ ታሪክ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ተጠይቆ ይጻፋል፤ የመጀመሪያውም ያው የተበላሸው የመስኮቱ ታሪክ ይሆናል። ለሚቀጥለው ዙር ሃያ ሁለት ሰው ተመዝግቧል፣ ቁጥር ማሟያ አያስፈልግም ተብያለሁ። ከትምህርት ገበታ የተባረርኩት በሰው ብዛት ነው።

«አስታርቂኝ» አልኳት እህቴን።

«አፍ አለህ አይደል?» አለችኝ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ምሁሯ መጣች። ስፖንጅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አልወጣችም፤ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ፣ ሞላው ላይ፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እስክሪብቶ አወጣች።

«ነርሷን ጠይቄ ጨርሻለሁ» አለች። «አሁን የአንተ ተራ ነው።»

«ሻይ ልዘዝልሽ?»

«አልፈልግም።»

«ወንበሮቹን እንኳን አላመሰገንሽኝም። ኃላፊው የተቀመጡበትን ሊወስዱት ነበር እኮ፣ አቅፈውት...»

«ጋሼ።»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

«አክስቴ የምታነብልህ መቼ መቼ ነበር?» አለች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ነክቶ ቆሟል።

በመጀመሪያው የሆቴል ሥራ ጊዜ ነው፣ አልኳት። ሥራው ስለሚያመሸኝ ብቻዋን ቤት ከምትቀመጥ ብላ መምጣት ጀመረች። የምትቀመጠው እዚያ፣ መስኮት በሌለበት በኩል ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ነው። ስትሳሳት ወደኋላ ተመልሳ ታርማለች፤ ዝለይው ብላት አትዘልም። ሲያማት ንባቡም እያጠረ ሄደ፤ አምስት ገጽ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። የቱ ገጽ ላይ እንደቆመች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ገልጬው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አለመግለጤን ነገርኳት።

ሁሉንም ጻፈች። አንዳንዴ አንድ ነገር ልጨምርበት አፌ ላይ ይመጣል፤ አውቶቡሱን፣ ጫማ ሰፊውን፣ መንገድ የሞላውን ሕዝብ። መንገድ ላይ የቆመችው አንዲት ነርስ ብቻ ናት። መዶሻ የያዘው ደግሞ አንድ ሰው።

ምንም አልጨመርኩም። እንዲህ ሲነገር ታሪኩ በጣም አጭር ነው።